ኩራቷን በጣትሽ አሳዪኝ

ከአንድ ሥዕል ጋር ይህን ያህል ቆይቼ አላውቅም፤ ስድስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ሩሲያዊው ኢቫን ክራምስኮይ በ1883 እ.ኤ.አ. የሳላት «ያልታወቀችው ሴት» ናት። ዋናው ሥዕል ሞስኮ ትሬቲያኮቭ ጋለሪ ውስጥ ነው፤ እኔ ሥዕል አስተውሎ ማየትን የምለማመደው በትልቁ ባሳተምኩት ቅጂ ነው። ፀጉር የተከፈፈበት ጠቆር ያለ ካፖርት የለበሰች፣ ላባ ያለው ባርኔጣ ያደረገች ወጣት ክፍት ሠረገላ ላይ ተቀምጣ ወደ እኛ ታያለች። ከኋላዋ ጉም ውስጥ የሴንት ፒተርስበርጉ አኒችኮቭ ቤተ መንግሥት ይታያል።

በመጀመሪያው ሳምንት ማስታወሻዬ ላይ «ኩሩ ናት፣ ሰው ትንቃለች» ብዬ ጻፍኩ። አብራኝ የምትማር ጓደኛዬ አነበበችውና «እስቲ ኩራቷን በጣትሽ አሳዪኝ» አለችኝ። ማሳየት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራው ገጽ ዓይኔ ያየውን ብቻ፣ በቀኙ ገጽ የተሰማኝን። ብዙ የተማርኩት ግን ዓይኗን በእርሳስ ስነድፍ ነው። የላይኛውን የዓይን ቆብ ትንሽ ዝቅ ሳደርገው እንቅልፋም ትሆንብኛለች፣ ከፍ ሳደርገው ትደነግጣለች። መስታወት ፊት ቆሜ ወደ ታች ሳይ የእኔም የዓይን ቆብ እንደ እሷ ወረደ። ለካ ሠዓሊው እኛን ከታች፣ እግረኛ መንገዱ ላይ አቁሞናል! እሷ ሠረገላ ላይ ናትና ዝቅ ብላ ማየቷ ግድ ነው። ንቀት ያልኩት ነገር ግማሹ የመቀመጫዋ ከፍታ ነበር።

በወረቀት ከአፍንጫዋ በታች ሸፍኜ ዓይኖቿን ብቻ ሳይ አዘንኩላት። ዓይኖቿን ሸፍኜ አገጯን ሳይ ደግሞ ያ የመጀመሪያው ኩራት ተመለሰ። ሁለቱም አንድ ፊት ላይ አሉ፤ አንዱን መርጬ ሌላውን መጣል አሁን ስህተት ይመስለኛል።

በዘመኑ የነበሩ ተቺዎች የመጨረሻ ፋሽን የሆነውን ልብሷን አይተው በሀብታም ወንዶች ገንዘብ የምትኖር ሴት ናት ብለው ፈረዱባት። ክራምስኮይ ማን እንደሆነች አልተናገረም። ልብሷ የግራ ገጼ ላይ አለ፤ ፍርዱን ግን የቀኙ ላይ እንኳ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ብቻዋን ናት፣ ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው፣ ከተማው በጉም ደብዝዟል። ይህን ጽፌያለሁ።

ለቅዳሜ ልምምዴ የከንፈሯን ጥግ ይዣለሁ። ሦስት ጊዜ ነድፌው ሦስቱም ጊዜ ፈገግ አለብኝ፤ እሷ ግን ፈገግ አላለችም።