ጅማ ላይ የንግድ ጠበቃ መሆን

ጠበቃ ነኝ ስል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ፍቺና ውርስ ነው፣ የኔ ውሎ ግን ከቡና ነጋዴና ከሽርክና ጣጣ ጋር ነው። ሂርማታ አካባቢ ያለ ነጋዴ መቶ ሺህ ብር በቃል አበድሮ ሲካድ ምስክር ሰብስቦ ይመጣል፣ እኔም የፍትሐብሔር ህጉን ቁጥር 2472 አውጥቼ ከ500 ብር በላይ ብድር በፅሁፍ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም፣ ምስክር አይበቃም ስለው "እንዴ፣ የአጎቴን ልጅ ፈርምልኝ ልበለው?" ይለኛል። 500 ብር እኮ ህጉ የወጣበት የ1952 ብር ነው፣ ይሄ ቢሻሻል ደስ ይለኛል! ንግድ ህጉ እንኳን በ2013 በአዋጅ 1243 ተቀይሮ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር (ኃ.የተ.የግ.ማ.) ማቋቋም ችሏል። ችሎቱ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ውሉ በአማርኛ ከሆነ ትርጉም አያይዙ፣ ቶሎ።