የዞረ ሂሳብ በኢስት ሌክ

አትላንታ፣ እሑድ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍልሰታ ከተፈታ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ከተመለስኩ በኋላ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልተነሣሁም፤ ከቤቴ በመኪና ዐሥር ደቂቃ በማይሞላው በኢስት ሌክ የጎልፍ ሜዳ፣ ፒጂኤ ቱር የሚባለው የአሜሪካ የጎልፍ ውድድሮች ማኅበር የዓመቱ ማጠቃለያ የሆነው የቱር ሻምፒዮንሺፕ የመጨረሻ ቀን ነበርና። እንግሊዛዊው ቶሚ ፍሊትውድ በአራቱ ቀናት ከፓር (ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት፤ በጎልፍ የሚያሸንፈው ያነሰ የመታ ነው) 18 ምት በታች አጠናቅቆ፣ ፓትሪክ ካንትሌይንና ራስል ሄንሊን በ3 ምት ቀድሞ፣ ዋንጫውንና 10 ሚሊዮን ዶላሩን ወሰደ። በፒጂኤ ቱር የተሰለፈበት 164ኛ ውድድር ነበር፤ ከዚያ በፊት በዚህ ቱር አንድም ጊዜ አሸንፎ አያውቅም። ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ለዓመታት አጥብቄ የያዝኩት አንድ ሐሳብ በዚህ ደስታ ተናግቶብኛልና፣ ከመተኛቴ በፊት ልጽፈው ፈለግሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ዓመታት የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጎልፍን ያስተማሩኝ በዚያ ሰፈር አቅራቢያ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቁ የነበሩ አንድ ያገሬ ሰው ናቸው። በመስከረም 2018 ታይገር ዉድስ ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና ያሸነፈው፣ 80ኛ ድሉንም ያገኘው እዚሁ ኢስት ሌክ ነው። በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሕዝቡ ገመዱን አልፎ ሜዳውን አጥለቅልቆ እንደ ጥምቀት አጃቢ ተከትሎት ሲሄድ በቴሌቪዥን አየሁ፤ የጨዋታውን ሕግ ሳላውቅ እንባዬ መጣ። በማግስቱ ጋሼን ሳገኛቸው «አሸናፊው እሱ ነው አይደል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ውድድሩን እሱ አሸነፈ፤ የዓመቱን ዋንጫ ግን ጀስቲን ሮዝ ወሰደ» አሉኝ። የፌዴክስ ካፕ የሚባለው ከ2007 ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ በሚሰበሰብ ነጥብ የሚታደል ዋንጫ ነበርና፣ በአንድ ሜዳ በአንድ ምሽት ሁለት ሰዎች ሁለት ዋንጫ ይዘው ቆሙ።

አዘጋጆቹ ይህን ግራ መጋባት ለማስቀረት በ2019 ያወጡትን ሕግ ጋሼ ሲያስረዱኝ ወዲያው ገባኝ። ለመጨረሻው ውድድር ከሚደርሱት 30 ተጫዋቾች መካከል ዓመቱን በነጥብ የመራው ገና አንድ ኳስ ሳይመታ ከፓር 10 ምት በታች ሆኖ ይጀምራል፤ ሁለተኛው በ8፣ ሦስተኛው በ7፣ እንዲህ እያለ እስከ ዜሮ ይወርዳል። ብዙዎች የጨዋታውን ንጽሕና አበላሸ እያሉ ሲያማርሩበት እኔ ግን ወደድኩት፤ የዞረ ሂሳብ ማለት ነውና።

አዲስ አበባ ሳለሁ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ እስከ እኩለ ሌሊት እያመሸን መዝገቡን የምናስታርቀው፣ በዓመቱ ውስጥ የተደከመበት ነገር ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ መስመር ላይ በትክክል እንዲሰፍር ነበር። ወደዚህ አገር ስመጣ ግን የዐሥራ አንድ ዓመት ልምዴን የሚቆጥርልኝ አላገኘሁም፤ አንድ መሥሪያ ቤት የተቀበለኝ የምስክር ወረቀቴን ሳይገልጥ፣ ገና ትምህርቷን እንደጨረሰች ልጅ ከመጨረሻው ደረጃ ነበር። ስለዚህ ሰው የለፋበትን ይዞ እንዲጀምር የሚፈቅድ ሕግ፣ በጎልፍም ቢሆን፣ ልቤን ያሞቀው ነበር።

ሕጉ ትግልን የሚገድል አልነበረም። በ2022 ሮሪ ማኪልሮይ በመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያውን ጉድጓድ ከፓር በሦስት ምት አበላሽቶ ጀመረ፤ እሑድ ጠዋትም ከስኮቲ ሼፍለር በ6 ምት ርቆ ነበር፤ ማታ ግን ዋንጫው የእሱ ሆነ። በሌላ በኩል በ2024 ሼፍለር ከፓር 10 ምት በታች ጀምሮ 30 ምት በታች ሲጨርስ፣ አራቱ ቀናት ብቻ ቢቆጠሩ ኖሮ ኮሊን ሞሪካዋ በ2 ምት ይበልጠው ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የተቀማ ዋንጫ ነው አለ። እኔ ደግሞ በዚያ ዓመት እንደ ሼፍለር ደጋግሞ ያሸነፈ ስላልነበረ፣ ሂሳቡ በትክክል ተዘጋ ብዬ ተኛሁ።

ዘንድሮ ያ ሕግ ተሻረ፤ 30ውም ከዜሮ ጀመሩ። ሼፍለር እስከ ትናንት ድረስ ሁለት ታላላቅ ሻምፒዮናዎችን ጨምሮ በዓመቱ አምስት ጊዜ አሸንፎ ሳለ ምንም ሳይዝ መጣ፤ አንድም ጊዜ ያላሸነፈው ፍሊትውድ ከእሱ እኩል መስመር ላይ ቆመ። ሐሙስ ዕለት ይህ አናዶኝ ነበር።

ዛሬ ሲጫወት ሳየው ግን ሌላ ነገር አየሁ። ፍሊትውድ ምንም ሳይዝ አልመጣም። በሰኔ ወር በኮነቲከቱ ትራቨለርስ ውድድር የመጨረሻውን ጉድጓድ በ1 ምት እየመራ ደርሶ በኪገን ብራድሊ ተቀድሟል፤ ከሁለት ሳምንት በፊትም በሜምፊስ፣ ሊጨርስ ጥቂት ጉድጓድ ሲቀረው እየመራ ሳለ፣ ከመለያው ጨዋታ በ1 ምት ቀርቷል። ይህ ሁሉ በማንኛውም ሰሌዳ ላይ አልተጻፈለትም፤ ነገር ግን ካሜራው ፊቱን ባቀረበው ቁጥር እዚያው ይታይ ነበር። በውኃ ላይ አሻግረው የሚመቱት 15ኛው ጉድጓድ ሲቃረብ እኔ ራሴ ወንበሬን ጨምድጄ ይዤ ነበር። እሱ ሲራመድ አልቸኮለም፤ ቦርሳውን ከተሸከመለት የቆየ ጓደኛው ጋር በዝግታ እያወራ አለፈው። በ18ኛው ሕዝቡ «ቶሚ! ቶሚ!» እያለ ሲጠራው፣ ከሽንፈቶቹ አንዱም እንዳልተረሳለት ገባኝ፤ ለእንግሊዛዊ እንዲህ የጮኸው የጆርጂያ ሕዝብ፣ እነዚያን እሑዶች አብሮት ቆጥሮ የመጣ ነው።

ይህን ስጽፍ የሜዳው ዙሪያ ትዝ ይለኛል። ታላቁ ቦቢ ጆንስ በልጅነቱ ጎልፍ የተማረው በኢስት ሌክ ነው፤ ጎኑ ላይ ግን ኢስት ሌክ ሜዶውስ የሚባል 650 ቤቶች ያሉት የመንግሥት የኪራይ ሰፈር ነበር፤ በወንጀሉ ብዛት «ትንሿ ቬትናም» ይሉት እንደነበር የሰማሁት ከጋሼ ነው። ቶም ከዝንስ የሚባል ባለሀብት በ1993 ክለቡን ገዛ፤ ከዚያም የቀድሞዎቹ ቤቶች ፈርሰው አዲስ መንደርና ትምህርት ቤት ተሠራ። ለውጡን በዐይኔ አይቻለሁ፤ መንገዱ ሰላማዊ ነው፤ ልጆቹ ቦርሳቸውን አንግበው ሲያልፉ ደስ ይላል። ሆኖም ከቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ተመልሰው አልገቡም፤ ለእነርሱም ከዜሮ ጀምሩ ተብሎ ነበር ማለት ነው። ሰባት ዓመት በዚያ መንገድ ስመላለስ ይህን ከጎልፉ ጋር አያይዤ አስቤው አላውቅም።

ማታ ጋሼ ደወሉልኝ። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመታቸው ነው።

«አየሽው ልጄ?»

«አየሁት ጋሼ። የሼፍለር ዓመት ግን አሳዘነኝ።»

«የእሱንማ አስቀድመው በገንዘብ ከፍለውታል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በዘንድሮው ደንብ መሠረት ነጥቡን የሚመራው ከዚህ ውድድር በፊት በሁለት ዙር 15 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል። ዝም ስል ጊዜ «አንቺ ዛሬ ለማን ነበር የጸለይሽው?» አሉኝ።

ለፍሊትውድ እንደነበር ነገርኳቸው።