ሁለት ጆግ በኮምቦልቻ ሙቀት

ዳላስ ውስጥ በሐምሌ ውጭ መቀመጥ ቅጣት ነው። እንግዳ ጠርተህ ቀዝቃዛ ነገር ካላቀረብክ ሰው አንድ በአንድ ሹልክ ይላል። በ1971 እ.ኤ.አ. ማሪያኖ ማርቲኔዝ የሚባል የምግብ ቤት ባለቤት የአይስክሬም ማሽን አስተካክሎ የበረዶ ማርጋሪታ (የተኪላና የሎሚ ድብልቅ መጠጥ) ማሽን የሠራው እዚሁ ከተማ ነው። ማሽኑ ዛሬ ዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ንብረት ነው። እኔና ጓደኞቼ ማሽን የለንም፤ ፍሪዘር ግን አለን። ማታ መጠጡን በጥብጠን እዚያ እንከታለን፣ በማግስቱ እንግዳ ሲመጣ እየቀዳን እናቀርባለን። ደጋሹም እንደ ሰው ቁጭ ብሎ ይጫወታል።

ባለፈው ሰኔ ወሎ ስገባ ይህንኑ ለዘመድ ላቀርብ አሰብኩ። ደሴ ለዚህ አትሆንም። ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጦ በረዶ የሚጠጣ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ግን ሌላ አገር ነው። ጃኬትህን መንገድ ላይ ታወልቃለህ። አክስቴ የሚኖሩት እዚያ ነው።

ቤተሰባችን እንደ ብዙው የወሎ ቤት ነው፤ ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን። ድግስ ሲኖር ሥጋው ለየብቻ ይሰናዳል፤ ስለዚህ መጠጡም ሁለት ጆግ መሆኑ ማንንም አልገረመም። ዕቃው ለየብቻ፣ ማንኪያው ለየብቻ። ጁስ መፍጫው አንድ ብቻ ስለነበር መጀመሪያ አልኮል የሌለውን ፈጨሁ።

አልኮል ያለው ቀላል ነው። ግማሽ ሊትር ጂን፣ 700 ሚሊ ሊትር የተፈጨ ማንጎ፣ ሩብ ሊትር የሎሚ ጭማቂ፣ 350 ሚሊ ሊትር የስኳር ሽሮፕ፣ 450 ሚሊ ሊትር ውሃ። ጂኑ 40 በመቶ ከሆነ ድብልቁ ወደ 9 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። ልኩ ይኼ ነው። ጂን ብቻውን በቤት ፍሪዘር፣ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ አይረጋም። ውሃ ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። ሲደባለቁ በመሃል ይቀራሉ፤ ውሃው በትንንሹ ይረጋል፣ የቀረው ፈሳሽ ሆኖ ያላላዋል። ጂን ካበዛህ ሾርባ ነው። ከቀነስክ በመዶሻ ነው። ሲቀመስም ትንሽ ጣፈጥ ማለት አለበት፣ ምላስ ሲቀዘቅዝ ጣፋጭ አይሰማውምና። አምቦ ውሃ የሚጨምር ካለ ብርጭቆው ላይ ይጨምር፤ ፍሪዘር ውስጥ ጋዝ ያለው ነገር አይገባም።

ራስ ምታቱ ያለው ሁለተኛው ጆግ ላይ ነው። ብዙ ሰው አልኮል የሌለውን እንደ ትርፍ ነገር ያየዋል። ጂኑን ይተውና ሌላውን እንዳለ ያስቀምጣል፤ ጠዋት የሚያገኘው ግን ጡብ ነው። አልኮል ከሌለ የሚያላላው ስኳር ብቻ ነው። ለአንድ ሊትር ተኩል የተፈጨ ማንጎ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ የስድስት ሎሚ ጭማቂና 300 ግራም ስኳር አስገባሁ። ዝንጅብልም ፈቅፍቄ ጨመርኩበት። በጆግ ሳይሆን በሰፊ ትሪ ስስ አድርጌ አፈሰስኩት። ጫፍ ጫፉ መርጋት ሲጀምር በሹካ ትቧጭረዋለህ፤ በየግማሽ ሰዓቱ፣ እስኪፈረፈር። ጊዜ ይወስዳል። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ስለነበር ወተትና ክሬም ከነጭራሹ አልታሰበም። ከጿሚዎቹም አንዳንዶቹ ወደዚህኛው ዞሩ፤ ከጂኑ ይበልጥ ፈላጊ ያገኘው እሱ ሆነ።

መብራት ይጠፋል ብዬ ጠርጥሬ ነበር፣ ጠፋም። ሙሉ ፍሪዘር ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን እስከ 48 ሰዓት ይይዛል፤ ግማሽ ጎዶሎ ከሆነ ግን 24 ሰዓት ያህል ነው። ባዶውን ቦታ ቀደም ብዬ ውሃ በያዙ ሃይላንዶች ሞልቼው ነበር። እስከ አፋቸው አይሞሉም፤ ውሃ ሲረጋ ያብጣል፣ ይፈነዳሉ። ከመብራቱ ይበልጥ ያስቸገሩኝ ልጆቹ ናቸው። ደረሰ ወይ እያሉ ክዳኑን መክፈት! ሹካ መብራት አይፈልግም፣ ስለዚህ ትሪው ሥራውን ቀጠለ።

አክስቴን እቴቴ ነው የምላቸው። ብርጭቆውን ተቀብለው አዩት፣ አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«አንተ ልጅ፣ ብርድ ልታስመታኝ ነው?»

«አብሽሩ እቴቴ፣ እስቲ ትንሽ ይቅመሱት።»

«ይቅለጥልኝና እጠጣዋለሁ።»

እስኪቀልጥ ጠበቁ። ከዚያ በቡና ሲኒ ገልብጠው ጠጡትና ድገመኝ አሉ። ያን ሁሉ ሰዓት በሹካ የቧጨርኩት ለዚህ ነው እንግዲህ።

አጎቴ በበኩሉ በጂኑ ፋንታ የቤት አረቄ ብናደርግስ አለ። አረቄ እንደ ጠማቂዋ ነው፤ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ እሳት። ስንት በመቶ እንደሆነ ሳታውቅ ልኩን መምታት አይቻልም። ተጨቃጨቅን፤ አሁንም አልተስማማንም።

የአክስቴ ልጅ የትሪውን ልክ በስልኳ ጻፈች፣ ለጎረቤት ኒካህ ልትሠራው። ስኳሩን በግማሽ ብቀንሰውስ ብላ ጠየቀችኝ።

«እንዳታደርጊው፣ ድንጋይ ይሆንብሻል» አልኳት።