ከቆርቆሮው አጥር ስድስት እርምጃ

ጥቅምት ገብቷል። ሰማዩ ጠርቷል፤ የአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ ግን ጥርስ ያንገጫግጫል። ጋቢ ተከናንቤ፣ ካሜራዬን ታቅፌ ጓሮ ዱካ ላይ ተቀምጫለሁ። እማዬ ከኩሽና ብቅ ብላ አየችኝና «ለቅሶ የተቀመጠ ሰው እኮ ነው የምትመስለው» አለችኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ክረምቱን ያነሳኋቸውን የወፍ ፎቶዎች ከፍቼ አየሁና አፈርኩ። ድንቢጧ አለች። ከኋላዋ ግን የአጥሩ ቆርቆሮ ሽንትሩ ሳይቀር ይታያል። ከእግሯ ስር ደግሞ ፍርፋሪ የምበትንበት የፕላስቲክ ክዳን። ግቢውን ለደላላ ለማሳየት ያነሳሁት ነው የሚመስለው፤ ወፏ ድንገት ገብታበት።

እስካሁን የማማርረው ሌንሴን ነበር። 300 ሚሊ ሜትር ነው፣ ያገለገለ የገዛሁት፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሩቁን ያቀርባል። 600 ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንቴ ተቆጨሁ! ጥፋቱ ለካ ወፏ የምታርፍበት እንጨት ነው። ማረፊያውን የተከልኩት አጥሩ ስር ነበር፤ አንድ እርምጃ እንኳን አይርቅም። ወፏ ፎቶው ላይ ጥርት ስትል ቆርቆሮውም አብሯት ጥርት ይላል። እሁድ ነቅዬ ወደ ጓሮው መሀል አመጣሁት፣ ከአጥሩ ስድስት እርምጃ። እኔ ከእንጨቱ በአራት እርምጃ ተቀመጥኩ። ያው ሌንስ፣ ያው ኤፍ 5.6፣ ማለትም ያው የሌንስ ቀዳዳ ስፋት። ቆርቆሮው ቀልጦ ግራጫ ጭጋግ ሆነ። ዱካውም በከንቱ አይደለም፤ ቆሜ ሳነሳ የሚታየኝ አናቷ ነበር፣ አሁን ዓይን ለዓይን ነን።

ክዳኑንም ጣልኩት። ድንቢጥ ምግብ ላይ ዘላ አትገባም። መጀመሪያ አጠገቡ ያለ ነገር ላይ ታርፋለች፣ ግራ ቀኝ ታያለች፣ ከዚያ ነው የምትወርደው። ለፎቶ የምትሆነው ያቺ ግራ ቀኝ የምታይበት ሰዓት ናት። ከማገዶው ክምር የወይራ ቅርንጫፍ መረጥኩ፤ ልጡ የሻከረ፣ በአንድ ጎኑ ሽበት ያወጣ። በጀርባው በኩል በምስማር ቀዳድቼ ኑግ ሞላሁበት። ከእኔ በኩል አይታይም።

እማዬ ግን አየች። «አንተ ልጅ፣ ኑግ በዚህ ዋጋ ለወፍ ይሰጣል?» አሜሪካኖች ይህንኑ ኑግ ለጓሮ ወፍ ብለው እንደሚገዙ፣ አገራቸው ሲገባም እንዳይበቅል በሙቀት እንደሚመክን ነገርኳት። «እኛ ዘይት አጥተን!» ብላ ገባች።

ሁለት ቀን ማንም አልቀረበም። አዲስ ነገር ይፈራሉ መሰለኝ። ዛሬ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ አንዷ መጣች፤ ራሷ ግራጫ፣ ጀርባዋ የሸክላ ቀለም። አርባ ገደማ አነሳሁ። ሠላሳ ስምንቱ አይረባም። መጀመሪያ ሹተሩ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/250 ሰከንድ ላይ ነበር፤ ጭንቅላቷ መንቀጥቀጥ ይወዳል፣ ሁሉም ተምታታ። ወደ 1/1000 ከፍ አደረግሁት፣ የጎደለውን ብርሃን እንዲያካክስ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 1600 አስገባሁ። ፎቶው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ይሁን። ከዚያ ደግሞ ፎከሱ እንጨቱ ላይ አረፈብኝ፤ ልጡ እንዴት ያምራል መሰላችሁ፣ ወፏ ደብዝዛ። አንዷን የፎከስ ነጥብ ብቻ መርጬ ዓይኗ ላይ አሳረፍኩ።

የተረፉት ሁለቱ ግን! ዓይኗ ውስጥ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን አለች። በአንደኛው የኑግ ገለባ ምንቃሯ ጥግ ላይ ተጣብቃለች። ስንት ጊዜ አተልቄ እንዳየኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

3 ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይዋ ወደ ላይ ወጥታ ዓይኗ ጥቁር ጉድጓድ ሆነ፣ ተውኩት። ለነገሩ እማዬም ሰማያዊ አንሶላ አጥባ ልክ ከእንጨቱ ጀርባ አስጥታው ነበር። የመጨረሻዎቹ ፎቶዎች ላይ ድንቢጧ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለች ትመስላለች። ነገ እስከ 3 ሰዓት ልብስ እንዳታሰጣ ለመንኳት።

«ፀሐይ ለአንተ ብቻ ነው የወጣችው?» አለችኝ።