የኦምን ሕግ የሻርኩበት ከሰዓት በኋላ

ጌዎርግ ሲሞን ኦም የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ፣ በአንድ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ከቮልቴጁ ጋር እንዴት እንደሚዛመድ ያብራራበትን መጽሐፍ ያሳተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 ነው። ሕጉ ከዚያ ወዲህ በየቤተ ሙከራው ሲፈተን ኖሮ ጸንቶ ቆይቷል። እኔ ግን ኮሚኒቲ ኮሌጅ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሻርኩት፤ መሻሬንም በጽሑፍ አስፍሬ፣ ከሥሩ ፈርሜ፣ ለመምህሬ አስረከብኩ።

የምማረው የኤሌክትሪካል ምህንድስና ቴክኒሻንነት ነው። መሐንዲሱ በወረቀት ላይ የነደፈውን ሰርኪት፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚዞርበትን መንገድ፣ የሚገጥመው፣ የሚለካው፣ አልሠራም ሲልም ለምን እንዳልሠራ ፈልጎ የሚያገኘው ቴክኒሻኑ ነው። (ይህን ለዘመዶቼ ለማስረዳት ብዙ ደክሜ በመጨረሻ ትቼዋለሁ፤ እነሱ ዘንድ አምፖል በጠፋ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ።) ስለዚህ የትምህርቱ ግማሽ ያህሉ መለካት ነው፤ የመለኪያችን ንጉሥ ደግሞ መልቲሜትር ይባላል። አንዱን መሣሪያ ማዞሪያውን እያዞሩ፣ ቀዩን ሽቦ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው እያዛወሩ፣ ቮልቴጅም፣ ሬዚስታንስም (ዕቃው ለፍሰቱ የሚያሳየውን ተቃውሞ)፣ ፍሰትም ይለኩበታል። የእኔ መከራ የተጀመረው ከእነዚህ ቀዳዳዎች በአንደኛው ነው።

የዕለቱ ሥራ ከቀላልም ቀላል ነበር። ቡናማ፣ ጥቁርና ቀይ ቀለበት ያለውን ሬዚስተር (ፍሰትን የሚገድብ ዕቃ)፣ ማለትም 1000 ኦም የሆነውን፣ ከአንድ ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ጋር በብሬድቦርድ (ሽቦ ሳይበየድ በሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ በተከታታይ ማያያዝ፣ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ከፓወር ሰፕላዩ 9 ቮልት መስጠት፣ ከዚያም ቮልቴጁንና ፍሰቱን ለክቶ ከስሌቱ ጋር ማስተያየት ነው። ቀይ ኤልኢዲ ወደ 2 ቮልት ገደማ ለራሱ ይወስዳል፤ ለሬዚስተሩ 7 ቮልት ይቀራል፤ ሰባቱ ለ1000 ሲካፈል 7 ሚሊአምፔር (ከአምፔር ሺህ እጅ ሰባቱ) ይሆናል። ስሌቱን ሠርቼ፣ ኤልኢዲውን አብርቼ፣ ቮልቴጁንም ለክቼ ስጨርስ የጎረቤቶቼ ሬዚስተር ገና ከፕላስቲኩ አልወጣም ነበር። በዚህም የተነሳ ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም።

ፍሰት ወደ መለካቱ ስሻገር ቀዩን ሽቦ፣ መመሪያው እንደሚያዘው፣ ሚሊአምፔር ወደሚለው ቀዳዳ አዛወርኩት። ሰርኪቱን ከመንካቴ በፊት ግን «እስቲ በመጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ስንት ፍሰት እንደሚሰጥ ልወቅ» ብዬ፣ ሁለቱን የመልቲሜትር ጫፎች በቀጥታ በፓወር ሰፕላዩ ቀይና ጥቁር መውጫዎች ላይ አሳረፍኩ። ጭስ አልወጣም፣ ብልጭታም አላየሁ፣ ድምፅም አልሰማሁ። የፓወር ሰፕላዩ ቁጥሮች ለአፍታ ብቅ ጥልቅ አሉና ተመለሱ። እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ ቆጥሬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ ትክክል መሆኑ ነው ነገሩን የሚያሳዝነው። ሰርኪቱን በአንድ ቦታ ላይ ከፍቼ፣ መልቲሜትሩን ልክ እንደ መጽሐፉ በተከታታይ አስገባሁት። ንባቡ 0 ሆነ፤ ኤልኢዲውም ጠፋ። መልቲሜትሩን አውጥቼ በቦታው ተራ ሽቦ ሳስገባ ኤልኢዲው ቦግ ብሎ በራ። መልሼ መልቲሜትሩን ሳስገባ ጠፋ። ስለካው የሚጠፋ፣ ዞር ስል የሚበራ፣ ዓይን አፋር ኤሌክትሪክ ገጠመኝ ማለት ነው። መልቲሜትሩን እንዳልጠረጥረው ደግሞ ወደ ቮልቴጅ ስመልሰው 9 ቮልቱን ያለ አንዳች ስህተት ያነባል። ስለዚህ ጥርጣሬዬን በሌላው ሁሉ ላይ አወረድኩት። ሬዚስተሩን ቀየርኩ፣ ኤልኢዲውን ቀየርኩ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቀየርኩ፣ በመጨረሻም ብሬድቦርዱን ራሱን «ይሄ የተበላሸ ነው» ብዬ መለስኩና ሌላ ወሰድኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ሁሉንም ከጨረስኩ በኋላ አጠገቤ ከምትቀመጠው ተማሪ መልቲሜትሯን ተዋስኩ። «እንዳትሰብረው» አለችኝ፤ እኔም አልሰበርኩትም፤ ስመልስላት ላዩ ላይ ጭረት እንኳን አልነበረም። ጥንቃቄዬ ግን ሌላ ነበር። የሰው መሣሪያ እንዲሁ አይታመንም በማለት፣ ከመጠቀሜ በፊት መሥራቱን ለማረጋገጥ፣ በሚሊአምፔር እንዳለ በፓወር ሰፕላዩ መውጫዎች ላይ አሳረፍኩት። ከዚያም በተከታታይ አስገብቼ ለካሁበት፤ ንባቡ 0 ሆነ። ልቤ መምታት ጀመረ። አንድ መሣሪያ ሊሳሳት ይችላል፤ ሁለት መሣሪያ ግን እንዴት አንድ ዓይነት ስህተት ይሳሳታል? እንደ ሳይንሱ ወግ ሦስተኛ ማረጋገጫ ስለሚያስፈልግ ከፊት ለፊቴ ከተቀመጠው ልጅም ተዋስኩ፣ በተመሳሳይ ጥንቃቄ መረመርኩት፣ በተመሳሳይ ሁኔታ 0 አገኘሁ።

ዘገባዬን የጻፍኩት በእርጋታ ነበር። «በስሌት የተገኘው ፍሰት 7 ሚሊአምፔር ሲሆን በልኬት የተገኘው 0 ነው። ውጤቱ በሦስት የተለያዩ መልቲሜትሮች ተረጋግጧል። በመሆኑም የኦም ሕግ ኤልኢዲ ባለበት ሰርኪት ላይ እንደማይሠራ ለመገንዘብ ተችሏል» የሚል ነበር። «ለመገንዘብ ተችሏል» የሚለውን ሐረግ በተለይ ወድጄው ነበር።

መምህሩ ዘገባውን ቆመው አነበቡት። አልሳቁም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። «መልቲሜትሩን መጀመሪያ የት ላይ እንደነካኸው አሳየኝ» አሉኝና የራሳቸውን መልቲሜትር ሰጡኝ። እኔም በሙሉ እምነት ቀዩን ሽቦ ሚሊአምፔር ቀዳዳ ላይ ሰክቼ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ሳመራ እጄን በአየር ላይ ያዙት።

«ይሄኛው የእኔ ነው» አሉ።

ከዚያም የእኔን መልቲሜትር ገልብጠው ብሎኖቹን ፈቱና ከውስጡ የጣት ጥፍር የምታክል ፊውዝ፣ ማለትም ፍሰት ሲበዛ ራሷ ተቃጥላ መንገዱን የምትቆርጥ ዕቃ፣ አወጡ። በራሳቸው መልቲሜትር ጫፍና ጫፏን ሲነኳት ጩኸት ይሰማል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ምንም አልጮኸም። ፊውዟ ሞታለች። ፍሰት የሚለካ መሣሪያ ፍሰቱ በሚያልፍበት መንገድ መካከል ስለሚቆም፣ መንገዱን እንዳይዘጋ ሲባል የውስጥ ሬዚስታንሱ ከምንም አይቆጠርም፤ ስለዚህ በቀጥታ በፓወር ሰፕላይ ላይ ማሳረፍ ሁለቱን መውጫዎች በተራ ሽቦ ከማገናኘት አይለይም። የፊውዟ አቅም 400 ሚሊአምፔር ነበር፤ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ የፍሰት መገደቢያው እስከ መጨረሻው ተዞሮ ስለነበር 3 አምፔር ለመስጠት አላመነታም። ቮልቴጅ የሚለካበት መንገድ በፊውዟ በኩል ስለማያልፍ ነው መሣሪያው ግማሽ ጎኑ ሞቶ በግማሹ ጤነኛ መስሎ ሲሸነግለኝ የዋለው። የሁለቱ ጓደኞቼ መልቲሜትሮችም ሲፈቱ ያው ሆኑ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ያየችኝን አስተያየት እዚህ መጻፍ አልፈልግም።

ቅጣቴ ፊውዞቹን መቀየር ብቻ አልነበረም፤ በመደርደሪያው ላይ ያሉትን መልቲሜትሮች በሙሉ እንድመረምር ታዘዝኩ። መምህሩ ሳይፈቱ መመርመሪያውን መላ አሳዩኝ፤ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጎ፣ ቀዩን ሽቦ ቮልት በሚለው ቀዳዳ ላይ ሰክቶ፣ በሌላው ጫፉ የራሱን የመሣሪያውን ሚሊአምፔር ቀዳዳ ውስጥ መንካት ነው። ፊውዙ ጤነኛ ከሆነ አነስተኛ ቁጥር ይነበባል፤ ከተቃጠለ ደግሞ ምንም እንዳልተነካ ሆኖ ይቀራል። እኔ ከገደልኳቸው ሦስቱ ሌላ፣ ማንም ሳያውቅላቸው ሞተው በክብር የተደረደሩ አምስት አገኘሁ። ከእኔ በፊትም የኦምን ሕግ የሻሩ፣ ነገር ግን በዘገባቸው ላይ ስሌቱን ገልብጠው ልኬት አስመስለው ያስገቡ ብልጦች እንደነበሩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ደስ አለኝ ብል ውሸት አይሆንም።

መምህሩ ለስልክ ወጣ ባሉበት ቅጽበት፣ ጠረጴዛቸው ላይ የተዉትን የግላቸውን መልቲሜትርም በዚያው መላ ነካሁት። ንባቡ አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ነካሁት፤ አሁንም አልተንቀሳቀሰም። ከመሳቢያው አንድ ፊውዝ አንስቼ፣ ብሎኖቹን ፈትቼ፣ ቀይሬ፣ መልሼ አሰርኩና ወደነበረበት አስቀመጥኩት። ሲመለሱ «ጨረስክ?» አሉኝ። «ጨርሻለሁ መምህር፤ በጠቅላላው ዘጠኝ ፊውዝ ነው የወጣው» አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩና ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያም መልቲሜትራቸውን አንስተው ኪሳቸው ውስጥ አስገቡና «መዝገቡ ላይ ስምንት ብለህ ጻፍ» አሉኝ።