ፒኤስ ቤት ያስገባኝ ዩኒቨርሲቲ

አባቴ ቡና ነጋዴ ነው። ኢስፖርት፣ ማለትም የቪዲዮ ጌም ውድድር፣ በዲግሪ ልማር ነው ብዬ የነገርኩት ቀን ሚዛን እያስተካከለ ነበር። ቀና እንኳ ሳይል፣ "ኳስ ነው ወይስ የኳስ ሥዕል?" አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። እውነቱን ለመናገር ያኔ እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ትዝ ይላችኋል፤ ከተፈታኙ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። እኔ ከነዚያ ውስጥ ስለነበርኩ አባቴ በልቡ መሐንዲስ አድርጎኝ ጨርሷል። አንድ ዓመት ፍሬሽማን ተምሬ አቋረጥኩ። ምክንያቱን ቤተሰቤ ዛሬም የሚያውቀው በግማሹ ነው። ቀሪው ግማሽ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ያለች አንዲት ፒኤስ ቤት ናት፤ ፕሌይስቴሽን በክፍያ የምንጫወትባት። ሁለት ቲቪ፣ አራት ጆይስቲክ፣ ከአራቱ አንዱ ወደ ግራ አልሄድም የሚል። በጨዋታ 10 ብር፣ ተሸናፊ ይከፍላል። ለባለቤቱ፣ ጋሼ ለምንለው ሰው፣ ማታ ማታ ሒሳብ እይዝለት ነበር።

ስጫወት ጎበዝ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኢስፖርት ተማሪ ነኝ ስል ሁሉም ሰው "ግጠመኝ" ስለሚለኝ ነው። የ14 ዓመት ልጅ አራት ለባዶ አሸንፎኝ ያውቃል፣ ከፍዬም ወጥቻለሁ።

የእኔ ሥራ ውድድር ማዘጋጀት ነበር። የመጀመሪያውን እሑድ መቼም አልረሳውም። 16 ልጆች 50 ብር 50 ብር አዋጡ። በጥሎ ማለፍ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ግጥሚያ አንድ ሰው ይወጣል፣ አንድ አሸናፊ እንዲቀር 15 ሰው መውጣት አለበት፣ ስለዚህ 15 ግጥሚያ። ልጆቹ ግን "አንዴ ተሸንፌ 50 ብሬን ጥዬ ልሂድ?" ብለው አጉረመረሙ። እሺ፣ ሁለቴ የተሸነፈ ይውጣ አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ያላሰብኩት ነገር 15 ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ይሸነፍ ማለት 30 ግጥሚያ መሆኑን ነው። ሳይሸነፍ ፍጻሜ የደረሰው ልጅ እዚያ ላይ ከተሸነፈ ደግሞ 31። አንዱ ግጥሚያ ከነጭቅጭቁ 20 ደቂቃ ቢወስድ በሁለት ቲቪ አምስት ሰዓት ነው፤ ከ8 ሰዓት ጀምረን 1 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን አልኩ። መጨረሻው ላይ ግን አንዱ የሌላውን ውጤት ስለሚጠብቅ ሁለተኛው ቲቪ ሥራ ይፈታል። በመሃል መብራት ሄደ። ግልገል ጊቤን የሚያህል ግድብ ጎረቤታችን ሆኖ ዝናብ ሲያጉረመርም መብራት ይሄዳል፤ ጅማ ያለ ሰው ያውቀዋል። የጨረስነው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። አንዲት እናት ልጇን ከግማሽ ፍጻሜ ላይ በጆሮው ይዛ ወሰደችብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ያዝኩ። እያንዳንዱ ጭቅጭቅ፣ የተሰጠው ውሳኔ፣ ከውሳኔው በኋላ የመጣው ሌላ ጭቅጭቅ ይጻፋል። ለምሳሌ መብራት ከሄደ ጨዋታው ከዜሮ ይጀመር የሚል ሕግ ነበረን። ሦስት ሳምንት ሠራ። በአራተኛው ሦስት ለባዶ እየተመራ የነበረ ልጅ ጓደኛ "ሳያስበው" ገመዱን ረገጠና ቲቪው ጠፋ። ሁሉም አየ፣ ማንም ግን አየሁ አላለም። ሕጉን ቀየርኩት፦ ውጤቱ ተጽፎ ይቆያል፣ የቀረው ደቂቃ ብቻ ይጫወታል፣ አዲሱ ጎል በድሮው ላይ ይደመራል። ገመዱን ደግሞ ከሶፋው ጀርባ በፕላስተር ለጠፍኩት። ከሕጉ ይልቅ ፕላስተሩ ነው የጠቀመው።

ትምህርቱን ያገኘሁት ስልኬ ላይ ሳፈላልግ ነው። እንግሊዝ አገር ስታፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ በ2018 እ.ኤ.አ. ኢስፖርትን በባችለር ዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። አሜሪካ ቺካጎ የነበረው ሮበርት ሞሪስ ዩኒቨርሲቲ ኢሊኖይ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የሚባለውን ጌም ለሚጫወቱ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ሰጥቷል። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌያቸው ስድስት ወር አባከንኩ። ስኮላርሺፑ ለተጫዋች ነው፤ የሚማረው ሌላ ትምህርት ሊሆን ይችላል። ዲግሪው ግን ስለ ዝግጅት፣ ስለ ስርጭት፣ ስለ ስፖንሰርና ስለ ውል ነው። መጫወት አይጠየቅበትም። የትምህርት ዝርዝሩን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የኔ ደብተር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው የሚመስለው።

ያመለከትኩት ከነዚህ ለአንዱም አይደለም፤ ረከስ ያለ፣ በኦንላይን የሚያስተምር ሌላ ቦታ ነው። ለእንግሊዝኛ ፈተናው በጠዋት አውቶቡስ በወልቂጤ በኩል አዲስ አበባ ወጣሁ። አይኤልትስ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ የት እንደምታመለክቱ ሳትወስኑ ቸኩላችሁ አትፈተኑ። እኔ ያባከንኳቸው ስድስት ወራት ከዚያ ላይ ነው የተቀነሱት።

ቃለ መጠይቁ ግንቦት 2016 ነበር። ኢሜይሉ 2 ሰዓት ይላል። ሸሚዝ ተኩሼ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የጋሼ ላፕቶፕ ፊት ቁጭ አልኩ። ማንም የለም። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ፣ ሰረዙኝ ብዬ ላለቅስ ስል ነው የገባኝ፤ የእንግሊዝ ከሰዓት 2፣ በበጋቸው፣ የኛ 10 ሰዓት ነው። 10 ሰዓት ሲደርስ መብራት የለም። በስልኬ ዳታ ገባሁ። ጠያቂዋ ፊቴ ለምን እንደጨለመ ጠየቀችኝ፣ መብራት ሄዷል አልኳት። "ውድድር ላይ እንዲህ ቢገጥምህ ምን ታደርጋለህ?" አለችኝ። ደብተሩን ገለጥኩ። ስለ ገመዱ፣ ስለ ፕላስተሩ፣ በእናቱ ስለተወሰደው ልጅ ነገርኳት። ያዘጋጀሁትን "ከልጅነቴ ጀምሮ ጌም እወዳለሁ" የሚል ንግግር ሳላነበው ቀረሁ፣ እግዜር ይመስገን። በሳምንቱ ተቀበሉኝ።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ፤ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ የተለቀቀበት ቀን። ስመዘገብ ያሰላሁት ዶላር በ57 ብር ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከመቶ አለፈ። ክፍያው በዶላር ያው ነው፣ በብር ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የመጀመሪያውን ክፍያ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ሸፈነችልኝ፤ እስካሁን ዕዳዬ ነው፣ እሷ እርሳው ብትልም። ስለዚህ ለሚጠይቁኝ የምለው፦ በብር አታስሉ። የሙሉውን ዓመት ክፍያ ከማን፣ መቼ፣ በምን መንገድ እንደምታገኙ ሳታውቁ አትመዝገቡ። ሌላው ደግሞ የአቻ ግምት ነው። የውጭ ዲግሪ አገር ውስጥ እንዲታወቅላችሁ ከፈለጋችሁ፣ የምትማሩበትን ቦታና መንገድ ይዛችሁ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ ከከፈልኩ በኋላ ነው ያሰብኩት፤ ቅደም ተከተሉ ያስፈራል።

የመጀመሪያው ጽሑፌ 38 አመጣ። ማለፊያው 40 ነው። ኢስፖርት ምንድን ነው የሚለውን ከየቦታው ለቃቅሜ ደርድሬ ነበር የላክሁት። መምህሩ ዳር ላይ የጻፈው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ አንተ የት አለህ? በሁለተኛው ስለ ገመዱ ጻፍኩ፣ 64 ሰጠኝ። ያልቀየርኩት እንግሊዝኛዬን ነው።

ከተማርኩት ሁሉ አእምሮዬን ያዞረው የባለቤትነት ነገር ነው። ኳስ የማንም አይደለም። ስታዲየም ሠርተህ ውድድር ብታደርግ ኳስን የፈጠረ ሰው መጥቶ አይከለክልህም። ጌም ግን ባለቤት አለው፤ ውድድር የሚካሄደው ኩባንያው በሚፈቅደው ልክ ነው። እኛ የምንጫወተውን የኳስ ጌም የሚሠራው ኩባንያ፣ ኢኤ፣ ከፊፋ ጋር የነበረውን የስም ውል ሲጨርስ ጨዋታው ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተባለ። ሄርማታ ላይ ዛሬም ፊፋ ነው የሚባለው፤ ልጆቹን አልወቅስም። የኩባንያውን የማኅበረሰብ ውድድር ደንብ ካነበብኩ በኋላ ግን የሽልማቱንና የመመዝገቢያውን ነገር እንደገና ማየት ነበረብኝ። ማንም አልጠየቀኝም። እኔው ነኝ የጨነቀኝ።

የስርጭት ትምህርቱ ደግሞ ኪሴን አራቆተው። ጥርት ያለ ምስል፣ በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ በሰከንድ 6 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል። በሰዓት 2.7 ጊጋባይት መላክ ማለት ነው። የምስሉን ጥራት ወደ 720 ዝቅ አድርጌ፣ ፍሬሙን በግማሽ ቀንሼ፣ በ3 ሜጋቢት ላክሁ። መምህሩ ምስሉ ደብዝዟል አለ፤ ድምፁን ግን ወደደው። አስተያየት የሚሰጠው ልጅ ግማሹን በአማርኛ፣ ጎል ሲገባ በኦሮምኛ ነበር የሚጮኸው። ተርጉም አሉኝ፤ ጎል ላይ የሚባለውን ሁሉ አልተረጎምኩም።

በኦንላይን ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ስጫወት መዘግየቱ ከ100 ሚሊ ሰከንድ ወርዶልኝ አያውቅም። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚያሳይ ጨዋታ ያ ስድስት ፍሬም ነው፤ በረኛዬ የሚወድቀው ጎሉ ከገባ በኋላ ነው። ጨዋታውን የሚያገናኘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ቅርብ ካልሆነ ጣት ቢፈጥን ዋጋ የለውም። ለዚህ ነው አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚደረገው ውድድር ላይ ሙጭጭ ያልኩት። ጓደኞቼ ትልልቅ አሬና እያሉ ያወራሉ፤ እኔ ጋሼን ሦስተኛ ቲቪ ግዛ እያልኩ ነው የምለምነው። ገዛ።

ባለፈው እሑድ አባቴ መጣ። ከመርካቶ ሲመለስ ዝናብ ይዞት ነው እንጂ ሊያየኝ አይደለም፣ እሱ እንዳለው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሰጠሁት። እርጥብ ኮቱን ሳያወልቅ አንድ ሙሉ ጨዋታ ዝም ብሎ አየ። በሁለተኛው ግማሽ ላይ ወደ ቲቪው ጎንበስ አለና፣ "ይሄ ልጅ ለምንድነው የማያቀብለው?" አለኝ።