ቶሳ ሥር ሆኖ ከመንቀጥቀጥ ጋር መኖር

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ደሴ፣ ከቶሳ ተራራ ሥር ባለው ቤታችን ብፌው ውስጥ የተደረደሩት ሲኒዎች መንቀጫቀጭ ጀመሩ፤ ጥቂት ቆይቶም አልጋው ከሥሬ ተወዛወዘ። በአፋር የተነሣው የዚያ ምሽት መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.0 ነበር። ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ቅልጥ ዐለት በምድር ውስጥ እየገፋ መሬቱን ሲሰነጥቅ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ቀያቸውን ለቀው ሲወጡ በዜና ሰምተን ነበር፤ ሆኖም የሰማነው የሩቅ ነገር መስሎን ነበር። እኔም ልጆቹን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሼ በጨለማ በየት በኩል እንደምንወጣ ሳላውቅ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያ መቆሜ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በማግስቱ በሜክሲኮ የፓስፊክ ዳርቻ፣ ኡዋቱልኮ በምትባል የባሕር ከተማ ለምትኖር የልጅነት ጓደኛዬ ስልክ ደወልኩ። በእነርሱ ዘንድ የኮኮስ የምድር ንጣፍ ከባሕሩ ሥር እየተንሸራተተ በሰሜን አሜሪካ ንጣፍ ሥር ስለሚገባ፣ ትንንሹ መንቀጥቀጥ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በከተማዋ አጠገብ 7.4 የሆነ መንቀጥቀጥ ሲደርስ እርስዋ እዚያው ነበረች። ጫማዋን ሁልጊዜ ከአልጋዋ ሥር እንደምታኖር፣ ከባድ ዕቃ ከራስጌዋ በላይ እንደማትሰቅል፣ የታሸገ ውኃና የእጅ ባትሪ ያለበት ቦርሳም ከበሩ አጠገብ እንደሚቀመጥ የነገረችኝ ስለ ቡና አፈላል እንደምታወራ ያህል ረጋ ብላ ነው። በፓስፊኩ ዳርቻ የተተከሉት መንቀጥቀጥ የሚለኩ መሣሪያዎች የሚልኩት የሬዲዮ ምልክት ከመሬቱ ሞገድ ስለሚፈጥን ሜክሲኮ ሲቲ እስከ አንድ ደቂቃ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ልታገኝ ትችላለች፤ ለመነሻው ቅርብ የሆነው የዳርቻው ሰው ግን የሚያገኘው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፣ አንዳንዴም ምንም። ስለዚህ የዳርቻው ሰው የማስጠንቀቂያ ደወል አይጠብቅም፤ መንቀጥቀጡ ከበረታና ከረዘመ ሱናሚ የሚባለው የባሕር ማዕበል ሳይደርስበት በእግሩ ወደ ከፍታው ይወጣል።

ይህን ስትነግረኝ ዓይኔ በመስኮቱ ወደ ቶሳ ሄደ። ለእነርሱ ተራራው መሸሸጊያ ነው፤ እኛ ግን የምንኖረው ተዳፋቱ ላይ ነው፣ በክረምት ውኃ የጠጣ አፈር ደግሞ ያለ መንቀጥቀጥም ይንሸራተታል። ደሴም ሆነች በቦርከና ሸለቆ ያለችው ኮምቦልቻ ደጋው ወደ አፋር በሚወርድበት ጠርዝ ላይ የተቀመጡ ናቸው። የእኛ ምድር እንደ ሜክሲኮው አንዱ በሌላው ሥር እየገባ ሳይሆን እየተላቀቀ የሚሄድ በመሆኑ እንደ እነርሱ መጠኑ 8 የሚደርስ መንቀጥቀጥ አይጠበቅበትም። ይሁንና በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል፣ የአዲስ አበባ–ደሴን መንገድም ሰነጣጥቋል። አባቴ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ጎረቤት ሁሉ ሙስሊሙ በዱዓ፣ ክርስቲያኑ በእግዚኦታ ደጅ እንዳደረ ያስታውሳሉ።

ከሁሉ አብልጦ የሚያስጨንቀኝ ግን የቤቶቻችን ነገር ነው። አባቴ የተወለዱበት ቤት እንጨቱ በማገር የተያያዘ፣ ጭቃ የተመረገበት፣ ጣሪያውም ቀላል ቆርቆሮ ስለነበር ሲወዘወዝ አብሮ ይወዛወዛል። ዛሬ የምንገነባው ብሎኬት ግን ኮለኑና ቢሙ በበቂ ፌሮ ካልተሳሰሩ አይታጠፍም፤ ይሰነጠቅና ይወድቃል። በአገራችን የሕንፃ ደንብ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከት ራሱን የቻለ ክፍል አለ፤ እኔ ግን የራሴን ቤት ሳሠራ ስለ ፌሮው ዋጋ እንጂ ስለ አስተሳሰሩ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም።

አሁን ብፌውን ከግድግዳው ጋር በብሎን አስረነዋል። ባለፈው እሑድ አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ግቢውን ዞሩና ከአፈር መደገፊያው ግንብም ከኤሌክትሪክ ሽቦውም የራቀ ሣር ያለበትን ቦታ መርጠው ልጆቹን ጠሩ። «እዚህ ነው የምንገናኘው፤ ማንም ማንንም ለመፈለግ ወደ ቤት አይመለስም» አሏቸው። ትንሿ ልጄ «አያያ፣ እርስዎስ ፈጥነው መውጣት ይችላሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አባቴ አልመለሱላትም፤ የዚያኑ ዕለት ማታ መኝታቸውን ከጓዳው ወደ በሩ አጠገብ ወዳለው ክፍል አዛወርን።